ለብሉ-ሬይ ዲስክ የሚሆን ጥራት ያለው የፎቶ ስላይድሾው በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ በፎቶግራፍ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር፣ ከመንዝና ከጓሳ ለብዙ ዓመታት ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ከየቤተሰቡ አልበም በስካነር ከተገለበጡ አሮጌ ፎቶዎች ጋር አቀናብሬ፣ በበገናና በዋሽንት ዜማ የታጀበ የግማሽ ሰዓት ያህል ስላይድሾው እንዳዘጋጅ ትእዛዝ ተቀብያለሁ። ያዘዙኝ በአሜሪካ የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች ሲሆኑ፣ በዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ በትልቅ ስክሪን ለማሳየትና ለየቤተሰቡም አንዳንድ ቅጂ ለማደል ስላሰቡ ሥራው በብሉ-ሬይ ዲስክ እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል።

ፎቶዎቹ 6000 በ4000 ፒክስል ሲሆኑ ብዛታቸው ወደ 300 ይጠጋል። እስካሁን የምጠቀምበት ፕሮግራም ለዲቪዲ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ውጤቱን በቴሌቪዥን ሳየው ምስሉ ደብዘዝ ይላል። ከዚህም ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር አለ፤ በጓሳ ሣር ላይ ቀስ ብሎ ዙም በሚደረግበት ጊዜ እያንዳንዱ ቀጭን ዘለላ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የጭላዳው ጋማና የበርኖሱ ሽመናም እንዲሁ ይርገበገባሉ። ፎቶዎቹ ራሳቸው ግን በኮምፒውተር ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ወገኖች እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። ስላይድሾውንም ዲስኩንም በአንድ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ልፈልግ ወይስ ሥራውን ለሁለት ፕሮግራሞች ከፍዬ ብሠራው ይሻላል? በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮግራሙ የሚገባው ከሆነ ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ ነኝ፤ ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈሉ አስቸጋሪ መሆኑን ግን ታውቁታላችሁ።

መልስ 1፦ ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ ሥራዎ የሚያስደስት ነው፤ የአገራችን መልክ በዚያ ጥራት ተቀምጦ ማየት የሁላችንም ምኞት ነው። ይሁን እንጂ የሶፍትዌሩን ስም ከመምረጥዎ በፊት ዲስኩ በየትኛው አገር መሣሪያ ላይ እንደሚታይ ማሰብ ይኖርብዎታል። የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚያሳየው ፓል በመሆኑ፣ እዚህ ያሉ የቪዲዮ ባለሙያዎች አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍቱ በልማድ 25 ፍሬምን ይመርጣሉ። በብሉ-ሬይ ደንብ ደግሞ 1920 በ1080 የሆነ የ25 ፍሬም ቪዲዮ የሚቀመጠው እያንዳንዱ ፍሬም ለሁለት ግማሽ ተከፍሎ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ግማሽ ፍሬም ሆኖ ነው። በአሜሪካ ከተሸጡት የብሉ-ሬይ ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ይህን የ50 ኸርዝ ምስል አይቀበሉም፤ ዲስኩ ቢገባም ጥቁር ስክሪን ወይም የስሕተት መልእክት ብቻ ይታያል። በሰከንድ 23.976 ፍሬም የሆነው 1080ፒ ግን እዚያም እዚህም ይሠራል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ እርስዎ በሣሩ ላይ ያዩት መርገብገብ አንዱ ምክንያቱ ከሥሩ ይወገዳል። ስለዚህ ፕሮጀክቱን ከመጀመሪያው በ23.976 ይክፈቱት፤ በ25 ሠርቶ በመጨረሻ ወደ 23.976 መለወጥ እንቅስቃሴውን ያበላሸዋል።

በዚህ የፍሬም ቁጥር ሲሠሩ የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚመስለውን ዙምና ጉዞ ዝግ ማድረግ ያስፈልጋል። በሲኒማ ሥራ የታወቀው ልማድ አንድ ነገር ከስክሪኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ ከ7 ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ይውሰድ የሚል ነው፤ ከዚያ የፈጠነ ከሆነ ምስሉ እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ፎቶ 6 ሰከንድ ከሰጡት 300ው ፎቶ 30 ደቂቃ ስለሚሆን፣ እንቅስቃሴው ከምስሉ ስፋት ጥቂቱን ብቻ እንዲሸፍን ማድረግ በቂ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ልምጣ። «ኤችዲ ያወጣል» የሚል ፕሮግራም ሁሉ ለብሉ-ሬይ የሚሆን ፋይል ያወጣል ማለት አይደለም። ደንቡ ከሚቀበላቸው የቪዲዮ ዓይነቶች ዛሬ የሚመረጠው ኤች.264 ሲሆን፣ የቪዲዮው ቢትሬት (በየሰከንዱ የሚይዘው የመረጃ መጠን) በሰከንድ ከ40 ሜጋቢት መብለጥ የለበትም፤ በከፍተኛ ቢትሬት ሲሠራ ደግሞ ቢያንስ በየ1 ሰከንዱ አንድ ቁልፍ ፍሬም፣ ማለትም በሌላ ፍሬም ሳይደገፍ ብቻውን ሙሉ ምስል የሚይዝ ፍሬም፣ መኖር አለበት። ለዩቲዩብና ለስልክ ተብለው የሚወጡ የኤምፒ4 ፋይሎች ቁልፍ ፍሬማቸው ብዙ ጊዜ የተራራቀ ነው፤ ድምፃቸውም ኤኤሲ ሲሆን ብሉ-ሬይ ይህን የድምፅ ዓይነት አይቀበልም። የሚቀበለው ያልተጨመቀውን ኤልፒሲኤም ወይም ዶልቢ ዲጂታልንና መሰሎቹን ነው። የበገና ድምፅ በዝቅተኛ ቢትሬት ሲጨመቅ የአውታሩ እዝታ ስለሚደፈን እኔ ብሆን ኤልፒሲኤምን እመርጣለሁ፤ በስቲሪዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል ብቻ ስለሚወስድ ለ30 ደቂቃ ሥራ ቦታ አያጣብብም። ከሲዲ የተገለበጠ ሙዚቃ 44.1 ኪሎኸርዝ ስለሆነ አስቀድመው ወደ 48 ይለውጡት።

በእኔ አስተያየት ሥራውን ለሁለት መክፈሉ ይሻላል። ለስላይድሾው ክፍሉ ፒቲኢ ኤቪ ስቱዲዮን አስቀድማለሁ። ይህ ፕሮግራም የተሠራው ለፎቶግራፍ አንሺዎች ነው፤ እንቅስቃሴውን ከፒክስል ክፍልፋይ ጀምሮ ስለሚያሰላው ዙሙ አይንቀጠቀጥም፤ በጣም ዝርዝር ለሆኑ ፎቶዎችም ስለቱን ቀነስ አድርጎ መርገብገብን የሚከላከል ምርጫ አለው። ያንን ምርጫ ለጓሳው ሣርና ለጭላዳው ፎቶ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለሰው ፊት አያስፈልግም። ከዚህ ፕሮግራም ቪዲዮውን በከፍተኛ ቢትሬት ካወጡ በኋላ ሜኑና ምዕራፍ አደራጅቶ ዲስክ የሚያደርገው ሌላ ፕሮግራም ይሆናል፤ ለዚህም ቲኤምፒጂኢንክ ኦቶሪንግ ወርክስ የተባለውን የጃፓን ፕሮግራም አምነዋለሁ። ደንቡን ያሟላ ቪዲዮ ካገኘ እንደገና ሳይጨምቅ ያልፈዋል፤ ካላሟላ ደግሞ አስተካክሎ ይጨምቀዋል። ሁለት ፕሮግራም መማር የሚከብድ ከሆነ ማጂክስ ፎቶስቶሪ ከፎቶ እስከ ብሉ-ሬይ ዲስክ ድረስ በአንድ ላይ ይሠራል፤ የጭመቃውን ዝርዝር የመቆጣጠር ዕድሉ ግን ያንሳል።

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚጠቁመው ፕሮሾው ነው። በጊዜው መልካም ፕሮግራም ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፎቶዴክስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ሥራውን ስለዘጋ አሁን ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። የዲስክ ማደራጃው አዶቤ ኢንኮርም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሲኤስ6 ወዲህ አዲስ እትም አልወጣለትም። ከየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጡትን የተሰበሩ ቅጂዎች በፍጹም አይጠቀሙ፤ ቫይረስ ማምጣታቸው ሳያንስ የደንበኛ ሥራ መሃል ላይ ይከዱዎታል። ክፍያውን በተመለከተ፣ ያዘዙዎት ሰዎች አሜሪካ ስለሆኑ ፈቃዱን እነሱ ገዝተው የምዝገባ ቁጥሩን ቢልኩልዎና ከሥራው ዋጋ ቢታሰብ ለሁለታችሁም ይቀልላል። ሁሉም የሙከራ እትም ስላላቸው አስቀድመው በራስዎ ፎቶዎች ይፈትኗቸው።

መልስ 2፦ ከሸዋ ሮቢት

የመሐል ሜዳው ወንድማችን የተናገረውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የሰርግ ቪዲዮ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ገንዘብ ሳይወጣ የሚሠራበትን መንገድ ልጨምር።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ የሚገኘው እትሙ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ዙምና ጉዞ ለማድረግ ያለው መሣሪያ ለስላሳ ነው፤ ቀለም ማረምን በተመለከተም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የብሉ-ሬይ ዲስክ ግን አያደራጅም፤ ስለዚህ ከእሱ ያወጡትን ከፍተኛ ጥራት ያለው ፋይል ኤክስ264 በተባለው ነፃ ጨማቂ ደንቡን ወደጠበቀ ቪዲዮ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ጨማቂ ለብሉ-ሬይ ተብሎ የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ ያንን ካበሩ በኋላ ደረጃውን 4.1፣ የቁልፍ ፍሬሙን ርቀት 24 ፍሬም፣ አማካይ ቢትሬቱን በሰከንድ 30 ሜጋቢት አድርገው በሁለት ዙር እንዲጨምቅ ያዙት። ሁለት ዙር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የስላይድሾው ምስል ቆሞ ሲቆይ የሚፈልገው ቢት በጣም ጥቂት ነው፤ ሣርና ጠጕር ላይ ዙም ሲደረግ ግን ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ይንራል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉን ቃኝቶ በሁለተኛው ሲጨምቅ ለሚያስፈልገው ቦታ አብዝቶ ይሰጣል። ከዚያ ቪዲዮውንና ድምፁን ቲኤስ-ማክሰር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ብሉ-ሬይ ፎልደር ለውጦ ኢሜጅበርን በተባለው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ዲስኩ ዩዲኤፍ 2.50 በተባለው የፋይል ሥርዓት መጻፉን ያረጋግጡ። በዚህ መንገድ ሜኑ አይኖርም፤ ዲስኩ እንደገባ በቀጥታ ይጀምራል። ለአንድ የግማሽ ሰዓት ስላይድሾው፣ ለዚያውም በአዳራሽ ለሚታይ፣ ያለ ሜኑ መጀመሩ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አይመስለኝም።

መጠኑን ልንገርዎ፤ 30 ደቂቃ በሰከንድ 30 ሜጋቢት 6.75 ጊጋባይት ብቻ ነው። ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ 25 ጊጋባይት ስለሚይዝ ባለ 50ውን መግዛት አያስፈልግዎትም። በ4 እጥፍ ፍጥነት ሲጻፍ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ቢወስድ ነው። መብራት እንዴት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንዴ ብቻ የሚጻፈው ዲስክ ጽሕፈቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ይጣላል። በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራውን ቀጭኑን መጻፊያ ከላፕቶፕ ጋር ከተጠቀሙ፣ ባትሪው ሞልቶ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የራሱ አስማሚ ያለውን ትልቁን መጻፊያ ከመረጡ ግን ዩፒኤስ ያስፈልግዎታል። መጀመሪያ ሙሉውን ፎልደር በሃርድ ዲስክ ላይ ጨርሰው፣ በቪኤልሲ ከፍተው ካዩ በኋላ ብቻ ወደ ዲስክ ይጻፉ።

ባዶ ዲስክ ሲገዙ ኤልቲኤች የሚል ምልክት ያለበትን ይተዉ፤ የሚጻፍበት ንብርብር ከኦርጋኒክ ቀለም የተሠራ ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ይጎዱታል። እንደ እኛ ባለ ቆላ ከተማ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የባዶ ብሉ-ሬይ ዲስክ ምርቱን ስላቆመ፣ ዲስኩን ከአሜሪካ የሚያስመጡ ከሆነ ለቅጂዎቹ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስመጡ።

መልስ 3፦ ከደብረ ሲና

ወንድሞቼ፣ የሰጣችሁት ምክር የተሟላ ነው፤ እኔ ግን ብሉ-ሬዩ ብቻውን በቂ ነው ወይ የሚል ጥያቄ አለኝ። የብሉ-ሬይ ጣሪያው 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤት ያለው የ4ኬ ቴሌቪዥን ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ያሳያል። 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለውን ፎቶ ወደ 2 ሚሊዮን አውርዶ ለ4ኬ ስክሪን መስጠት ያሳዝናል። አልትራ ኤችዲ የተባለው የ4ኬ ብሉ-ሬይ መኖሩን አውቃለሁ፤ እሱን በቤት ማዘጋጀት ግን እንደ ተራው ብሉ-ሬይ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው በ3840 በ2160 ፕሮጀክት ይሥሩት፤ ከእሱ ለዲስኩ የ1080 ቅጂ ያወጣሉ፤ ዋናውን የ4ኬ ፋይል ደግሞ በፍላሽ አድርገው ከዲስኩ ጋር ይስጧቸው። ፍላሹን ፎርማት ሲያደርጉ ኤክስፋትን ይምረጡ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከ4ኬ ወደ 1080 በጥሩ ማሳነሻ የወረደ ምስል ቀጥታ በ1080 ከተሠራው ይልቅ ሣር የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮችን አረጋግቶ ያሳያል።

ስለ ቀለሙ ማንም ስላላነሣ ላንሣው። ካሜራዎ አዶቤ አርጂቢ በተባለው የቀለም ክልል ያነሣ ከሆነ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ኤስአርጂቢ ለውጠው ወደ ፕሮግራሙ ያስገቡ፤ አለበለዚያ የጓሳው አረንጓዴና የገበሬው ፊት ፈዘው ይወጣሉ። የቪዲዮ ብርሃን ደግሞ ከ0 እስከ 255 ሳይሆን ከ16 እስከ 235 ስለሚቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ይህን በትክክል ካልለወጠ ነጩ ይነድና ጥቁሩ ይደፈናል። ይህን ለመፈተን በፀሐይ የተነሣ የነጭ ጋቢ ፎቶ ይጠቀሙ፤ የጋቢው እጥፋትና የፈትሉ መስመር በቴሌቪዥኑ ላይ ከታየ ለውጡ ትክክል ነው፤ ጋቢው አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ ግን ወደ ፕሮግራሙ ምርጫዎች ተመልሶ ማረም ይገባል።

ጠያቂው፦ ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒቲኢንና ሪዞልቭን ጎን ለጎን ለመፈተን ወስኛለሁ፤ የ4ኬውን ሐሳብም የደብረ ሲናዋ እኅቴ እንዳለችው እቀበለዋለሁ። ሦስት ነገሮች ግን አሁንም ግልጽ አልሆኑልኝም። ከአሮጌዎቹ የቤተሰብ ፎቶዎች ብዙዎቹ ቁመታቸው ከስፋታቸው የሚበልጥ ናቸው፤ እነሱን በሰፊ ስክሪን ላይ እንዴት ላስቀምጣቸው? በየክፍሉ መጀመሪያ የቦታዎቹን ስም በአማርኛ ለመጻፍ ስሞክር በአንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣል። ከጣርማ በር ያነሣሁት ጉም ደግሞ በቪዲዮ ሲሆን ለስላሳነቱ ጠፍቶ በደረጃ የተከፋፈለ ግራጫ ይሆናል።

መልስ 3፦ ከደብረ ሲና

የጉሙ ችግር የሚመጣው ብሉ-ሬይ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ብቻ ስለሚሰጥና ጨማቂውም ለስለስ ያለውን የብርሃን ሽግግር እንደማያስፈልግ ቆጥሮ ስለሚቆርጠው ነው። በጉም፣ በሰማይና በማለዳ ብርሃን ፎቶዎች ላይ በጣም ጥቂት ቅንጣት፣ የፊልም ግሬን የሚባለውን፣ ይጨምሩ። ከሩቅ አይታይም፤ የደረጃዎቹን ድንበር ግን ይሰብራል። ቅንጣቱን የግድ ከጭመቃ በፊት ያስገቡት፤ ቢትሬቱንም ለዚያ ክፍል አይቀንሱ፤ ቢትሬቱ ካነሰ ጨማቂው ቅንጣቱን ጠርጎ ያወጣና ደረጃዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

ቁም የሆኑትን ፎቶዎች በተመለከተ፣ ከጎንና ከጎን የፎቶውን ራሱን የደበዘዘ ቅጂ የሚሞሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለሰርግ ይሆን ይሆናል እንጂ የአያትን ፎቶ በዚያ መልክ ማሳየት ክብሩን ይቀንሰዋል ብዬ አምናለሁ። ሙሉውን ቁመት በጥቁር ወይም በጣም ጥቁር ቡናማ መደብ ላይ ያስቀምጡት፤ ወይም ሁለት ቤተሰባዊ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ያድርጉ። የእርስዎ አግድም ፎቶዎችም ቢሆኑ ስክሪኑን በትክክል አይሞሉም። 6000 በ4000 የሆነው ፎቶ ወደ 16 ለ9 ሲቆረጥ ከቁመቱ 625 ፒክስል ይጠፋል፤ ስለዚህ የቱ እንደሚቆረጥ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲወስን አይተዉለት። የአንኮበርን ተራራ ጫፍ ወይም የጅብራውን ራስ ከላይ ቆርጦ ባዶውን መሬት ሊያስቀር ይችላል።

መልስ 1፦ ከመሐል ሜዳ

ስለ ፊደሉ እኔ ልመልስ። ባዶ ሳጥን የሚመጣው ፕሮግራሙ የመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ኒያላ የተባለው ፎንት ካለ እሱን በስሙ ፈልገው ይምረጡ፤ ሆኖም አግድም መስመሮቹ ቀጭን ስለሆኑ በትንሽ መጠን በቴሌቪዥን ላይ ይርገበገባሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ደማቅ የሆነው ዓይነቱም ለስክሪን ይመቻል። በየትኛውም ፎንት እንቢ የሚል ፕሮግራም ቢያጋጥምዎ፣ ጽሑፉን በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ ጽፈው መደቡ ግልጽ የሆነ የፒኤንጂ ምስል አድርገው እንደ አንድ ፎቶ ያስገቡት። የዲስኩን ሜኑም በዚሁ መንገድ መሥራት ይቻላል። የዲስኩን የውስጥ ስምና የፎልደሮቹን ስም ግን በላቲን ፊደል ይተዉት፤ በግእዝ የተጻፈ ስም ያለበትን ዲስክ አንዳንድ ማጫወቻ አይከፍትም።

መልስ 2፦ ከሸዋ ሮቢት

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቅጂዎቹን ሁሉ ጽፈው ወደ አሜሪካ ከመላክዎ በፊት የ3 ደቂቃ ናሙና ይሥሩ፤ በውስጡም የጣርማ በሩ ጉም፣ የጓሳው ሣር በዙም፣ አንድ ቁም የቤተሰብ ፎቶ፣ ነጩ ጋቢና የአማርኛው ጽሑፍ ይኑሩበት። መጀመሪያ ደጋግሞ በሚጻፈው ቢዲ-አርኢ ዲስክ ላይ ጽፈው እዚህ ይመልከቱት። ከዚያ ያንኑ ናሙና የዲስክ ምስል ፋይል አድርገው በኢንተርኔት ይላኩላቸው፤ 3 ደቂቃው በሰከንድ 30 ሜጋቢት 675 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ ሌሊት ላይ ቢጭኑት አያስቸግርም። እነሱ እዚያ ባዶ ዲስክ ላይ ጽፈው በስብሰባው አዳራሽ ባለው ማጫወቻና በሁለት ሦስት ቤተሰብ ቤት ይሞክሩት። ብሉ-ሬይ ማጫወቻ የሌላቸው ቤተሰቦች ካሉም በዚሁ ጊዜ ይጠይቋቸውና ለእነሱ የዲቪዲ ቅጂ ያዘጋጁ፤ እሱን ግን በእኛ አገር ልማድ 720 በ576 ሳያደርጉ በአሜሪካው ሥርዓት 720 በ480 አድርገው ያውጡት።